ሁሩሙ ሳይደርሱ የወረዱት ሰው

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ አዲስ አበባ

መናኸሪያው ጭቃ፣ ጭስና ጩኸት ነው። «መቱ! መቱ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል ጢሙ የሸበተው ረዳት፤ ውስጥ ግን ገና ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ዳቦ ሻጮች በመስኮት እጃቸውን ያስገባሉ። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ የተጠቀለለ ቆርቆሮ፣ የፕላስቲክ ወንበሮችና አንድ አዲስ የልጅ ብስክሌት ተጭኗል።

አሥራ አራት ቁጥር ላይ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ሹራብ፣ የማስታወሻ ደብተርና አንድ የውሃ ፕላስቲክ አለ። ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ግን ውሃ አይደለም፤ ወዳጄ ከደብረ ብርሃን ያመጣልኝ አረቄ ነው። ሳያንገጫግጭ የማይወስድ መንገድ ያለ እሱ አይገፋልኝም፤ ልማዴ ነው።

ከመነሳታችን በፊት ረዳቱ መተላለፊያው ላይ ቆመና፣ «ወገኖቼ፣ ጫትና መጠጥ መኪና ውስጥ ክልክል ነው። ኋላ እንዳንቀያየም!» አለ።

ፈገግ አልኩ። የዚህ ዓምድ የቆየ አንባቢ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ባለፈው ዓመት በባቡር ድሬዳዋ ደርሼ ስመለስ፣ ባቡር ላይ መጠጥ ይከልከል በሚሉ ሰዎች ላይ ቀልጄ ጽፌ ነበር። «ባቡር ሰንበት ትምህርት ቤት አይደለም» ብዬ። ብዙ ሰው ስቆልኛል። አንዲት አንባቢ ብቻ፣ «የሚከለከለው ለሚጠጣው ተብሎ ሳይሆን አጠገቡ ለሚቀመጠው ነው» ብላ ጻፈችልኝ። መልስ አልሰጠኋትም።

ከቤቴ የወጣሁት መቱ አቅራቢያ ስላለው የሶር ፏፏቴ ልጽፍላችሁ ነበር። ፏፏቴውን አላየሁትም። የምተርክላችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ስጽፈውም ፊቴ እየጋለ ነው።

ረፋድ 3 ሰዓት ተኩል፤ ጊቤ

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ተደርድረው ከመኪና የሚወረወር የሙዝ ልጣጭ ይጠብቃሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰው እስከዚህ ድረስ ከሰላምታ በቀር አልተናገሩም። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። በቅጡ የተተኮሰ ቡናማ ኮት ለብሰዋል፤ የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ግማሹ የለም።

ጣቱን ሳይ አዩኝና፣ «መጋዝ ነው የወሰደው» አሉ። «አናጺ ነኝ። ደበላ እባላለሁ።»

ጋሼ ደበላ የጎሬ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ፣ አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ ቁም ሣጥንና አልጋ ይሠራሉ። አማርኛቸው መሃል ላይ ኦሮምኛው ብቅ ይላል። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሌሊሴ፤ ጎሬ ውስጥ አስተማሪ ናት።

«ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይቀማቸው የፈሩ ይመስል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ልትዳር ነው። አጎቶች አሏት፣ ያለ እኔም መጨረስ ይችሉ ነበር። ‹አባዬ ካልተቀመጠ አይሆንም› አለች። ይኸው እየሄድኩ ነው።»

«እንኳን ደስ አለዎት!» አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

ቀን 7 ሰዓት፤ ጅማ

ምሳ እንብላ ተብሎ ወረድን። እኔ ጥብስና ቢራ አዘዝኩ። ጋሼ ደበላ ሽሮና ሻይ አሉ። «ቢራ ልጋብዝዎት?» አልኳቸው።

«የለም፣ ልጄ። ትቼዋለሁ።»

ይህችን ቃል በደንብ ሰምቻታለሁ። «አልወድም» አላሉም፤ «አልጠጣም» አላሉም። «ትቼዋለሁ» ነው ያሉት። የተወ ሰው ይዞት የነበረ ነገር እንዳለ ለመረዳት አዋቂ መሆን አይጠይቅም። አልሰማሁም ብዬ መዋሸት እችል ነበር፤ እናንተም ታምኑኝ ነበር።

ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ፤ የአጋሮ መንገድ

ከጅማ ስንወጣ ሰማዩ ጠቆረ። አረንጓዴው እየጠነከረ፣ ቡናው ከዛፎቹ ሥር እየበዛ ሄደ። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። እኔ ፕላስቲኬን ከቦርሳዬ አውጥቼ እንደ ውሃ ተጎነጨሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ደረቴ ሞቀ፣ ዓለሙ ሁሉ ዘመዴ መሰለኝ። ደስታዬን የማካፍለው ሰው አማረኝ።

«ጋሼ ደበላ፣ አንዲት ጉንጭ» አልኳቸው፣ ፕላስቲኩን በኮቴ ከልዬ።

«ተወኝ፣ ልጄ።»

«ለወጉ ያህል ነው።»

«አይ፣ ይቅርብኝ። እውነቴን ነው።» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ለሌሊሴ ደስታ እኮ ነው! አባት የልጁን ደስታ በሻይ ያከብራል?»

ሳቅ አሉ፤ ግን ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ለእሷ ደስታ ስል ነው የማልቀምሰው» አሉ።

ሦስት ጊዜ እምቢ አሉ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብተዋቸው ኖሮ ዛሬ ስለ ፏፏቴ ታነቡ ነበር። እኔ ግን ማስገደድ ፍቅር እየመሰለኝ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጎረስኩ ያለውን ማጉረስ፣ በቃኝ ያለውን ማስደገም። ክንዳቸውን ያዝኩና፣ «በሞቴ!» አልኳቸው። «በሞቴ እያልኩዎት!»

በሞቴ የተባለ ትልቅ ሰው ምን ያደርጋል? ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ፕላስቲኩን ተቀበሉ። አንድ ጉንጭ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። መልሰው ይሰጡኛል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም።

9 ሰዓት ተኩል፤ በደሌ

በደሌ ስንደርስ ፕላስቲኩ ባዶ ነበር። ግማሹን የጠጣሁት እኔ አይደለሁም። ለእግር ማፍታቻ አሥር ደቂቃ ተሰጠን። እኔ የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ። ጋሼ ደበላ ግን ፕላስቲኩን በኮታቸው ውስጥ ይዘው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳሉት ቤቶች በፈጣን እርምጃ ሄዱ። ሾፌሩ ጥሩንባ ሦስት ጊዜ ከነፋ በኋላ ተመለሱ። ፊታቸው ተለውጧል። ፕላስቲኩ እንደገና ሞልቷል።

«ይበቃዎታል እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው። አሁን ነው የበቃው፣ ለእኔ!

«ያስጀመረ ያስጨርሳል» አሉኝ፤ አልሳቁም።

ወደ 11 ሰዓት፤ ያዮ ጫካ

ያዮን አልፈን ጫካው ውስጥ ገባን። ዝናቡ ሲጥል የፊት መስታወቱ ምንም አያሳይም፤ ዛፎቹ መንገዱ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ጋሼ ደበላ መጀመሪያ አንጎራጎሩ። ከዚያ ቆመው ተሳፋሪውን ሁሉ ወደ ልጃቸው ሠርግ ጋበዙ። አንዳንዱ ሳቀ። ከፊታችን የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ ሴት፣ «ኧረ ይቀመጡ፣ ይወድቃሉ» አሏቸው። መኪናው ኩርባ ላይ ሲታጠፍ ጋሼ ደበላ ወንበራቸውን ሳቱ። አስመለሳቸው። የሴትዮዋ ነጠላና ትከሻቸው ተበላሸ።

ጩኸት ሆነ። ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። ረዳቱ መጣና ፕላስቲኩን ከወንበሩ ሥር አነሳው፤ አሸተተው።

«ይሄ የማን ነው?»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ረዳቱ እኔን አየኝ። እኔ ጉልበቴን አየሁ። አፌ ውስጥ ገና የአረቄው ጣዕም አለ፤ ብተነፍስ የሚሸታቸው መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ።

«የማን ነው እያልኩ ነው! ማነው መኪናዬ ውስጥ ይዞ የገባው?»

ጋሼ ደበላ በእጃቸው አፋቸውን ጠረጉ። ዞረው አዩኝ። ስካራቸው ለዚያች ቅጽበት ያህል ለቀቃቸው መሰለኝ፤ ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር። አለመናገሬን ዓይተው የተረዱ ይመስለኛል።

«የኔ ነው» አሉ።

«ይውረዱ!» አለ ሾፌሩ ከፊት። «ውረዱ! ሃምሳ ነፍስ ይዤ በዚህ ዝናብ ሰካራም አልጭንም። ሁሩሙ ቅርብ ነው፣ በእግራቸው ይግቡ።»

ሴትዮዋ፣ «ኧረ ሽማግሌ ናቸው፣ ቢያንስ ከተማው ጋ» ብለው ለመኑ። የተበላሹት እሳቸው፣ የለመኑትም እሳቸው። ሾፌሩ አልሰማም። ጋሼ ደበላ ትንሿን ቦርሳቸውን ይዘው ወረዱ። በሩ ተዘጋ። መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ በእጄ ብጠርገው አያቸው ነበር። አልጠረግኩትም።

12 ሰዓት ተኩል፤ መቱ

ዝናቡ አባርቶ መቱ ታጥባ ጠበቀችን። ባጃጆች ኩሬውን እየረጩ ያልፋሉ፣ ሱቆቹ መብራት አብርተዋል። ስወርድ ነጠላቸውን የጠቀለሉት ሴትዮ ከኋላዬ መጡ። እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ ጎሬ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው።

«ወንድሜ» አሉኝ ዝግ ብለው። «ሽማግሌው ፕላስቲኩን ከማን እጅ እንደተቀበሉ ከመጀመሪያው አይቻለሁ።»

ቦርሳዬን ከእጅ ወደ እጅ አዛወርኩ።

«አንተን ብቻ ለማሳፈር አይደለም። እኔም አፌን ይዤ ነው የመጣሁት። እንግዳ ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ። አሁን ሳስበው ሁለታችንም ነን ያወረድናቸው።»

ሄዱ። ሆቴል ያዝኩ፣ እራት አልበላሁም።

ዓርብ፣ ጧት 2 ሰዓት፤ ወደ ሁሩሙ

በሚኒባስ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ከሾፌሩ ጎን ነው የተቀመጥኩት፤ ተጫዋች ሰው ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ስለ መጠጥ ጠየቅኩት፣ በሕዝብ መኪና ላይ መከልከሉ ይጠቅማል ወይ ብዬ።

«ክልከላውማ አለ» አለኝ። «ግን ተሳፋሪ ተሳፋሪን አያጋልጥም። ቢሆንም ይጠቅማል። እኔ ራሴ የሚጠጣ ዘመድ አለኝ። ‹አልፈልግም› ሲል ጓደኞቹ አይለቁትም፤ ‹ሾፌሩ ይቆጣል› ሲል ይተውታል። እምቢ ለማለት ሰበብ ያስፈልገዋላ!»

ይህን ሰውዬ ባለፈው ዓመት አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ያን የቀልድ ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ባቡርም ይሁን አውቶቡስ፣ ክልከላው ፖሊስ መስሎ ነበር የታየኝ። ለካ ምርኩዝም ነው። «ትቼዋለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም በአንድ «በሞቴ» ይወድቃል። «ክልክል ነው» ግን የማንንም ፍቅር ሳይገፋ ቀና ብሎ ይቆማል። ይከልከል ነው የምለው አሁን። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ተብሎ ይከልከል፤ የሚያሳስበኝ ሰካራሙ ሳይሆን ደጉ አስገዳጅ ነው።

ሁሩሙ ገበያዋ ነበር። ማር በቅል፣ ቡና በጆንያ፣ በርበሬ በላስቲክ ላይ ተዘርግቷል። «አካም ቡልተን» ብዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩ፤ ትናንት በዝናብ የገቡ ቡናማ ኮት የለበሱ ሰው አይተዋል ወይ? አንድ ማር ሻጭ በእጁ ወደ አንዲት ሻይ ቤት ጠቆመኝ።

ጋሼ ደበላ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸው ወንበር ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ከፊታቸው ያለው ሻይ ቀዝቅዟል። ስገባ አዩኝ፤ አልተገረሙም።

«የአዲስ አበባ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?» አሉኝ።

«ጎሬ አይሄዱም?»

«በምን ዓይኔ? ሦስት ዓመት ነው ያልቀመስኩት። በየእሑዱ ትደውልልኛለች። ‹አባዬ ዛሬስ?› ትለኛለች። ‹ዛሬም የለም› እላታለሁ። ከዚያ ሌላ ወሬ እናወራለን። አሁን ብትጠይቀኝ ምን ልላት ነው?»

መሬት ላይ መንበርከክ አማረኝ፤ ሻይ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፣ አፈርኩ። በይቅርታዬም አፈርኩ። ቁጭ ብዬ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። እኔ ነኝ ያስገደድኩዎት። ‹የማን ነው› ሲባልም ዝም አልኩ» አልኳቸው።

«ዝም ማለትህ ያንተ ነው» አሉ። «መጠጣቴ ግን የኔ ነው። እጅህ አቀበለኝ እንጂ አፌን አልከፈተውም።»

«ታዲያ ለምን የኔ ነው አሉ?»

ትከሻቸውን ነቀነቁ። «በደሌ ላይ እኔው ነኝ የሞላሁት። ደግሞ... አንድ ሰው ከወረደ ይበቃል ብዬ ነው።»

ዓርብ፣ ቀን 6 ሰዓት፤ ጎሬ

ይጠብቁኝ፣ መኪናም አይሳፈሩ ብዬ ለምኜ ጎሬ ወጣሁ። ከተማዋ ኮረብታዋ ላይ ጉም ለብሳለች። የቆዩ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖች፣ ደጃፉ ላይ ቡና የተሰጣበት መጋዘን። የአስተማሪዋን የሌሊሴን ቤት የማያውቅ የለም። ግቢው ውስጥ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ፣ አንድ ወጣት አግዳሚ ወንበር ይደረድራል። ሌሊሴ ረጅም ናት፤ ጥርት ያለው ዓይን የአባቷ ነው።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ቆሜ። እሷም ቆማ ሰማችኝ።

«ወሬው ቀድሞዎታል» አለችኝ። «ትናንት ማታ ‹አባትሽ ሰክሮ ከመኪና ተጣለ› ብለው ነገሩኝ። የሽማግሌዎቹም ጆሮ ደርሷል። ስልካቸው አይሠራም። በየት ገደል ገብተው ይሆን እያልኩ ነው ያደርኩት።»

«ይቅርታ...»

«ስንት ጊዜ ነው እምቢ ያሉት?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ።» ከንፈሯን ነከሰች። «እኛ ቤት ውስጥ እኮ አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ ብለው አያውቁም ነበር፤ እናቴ በሕይወት ሳለችም። ሦስት ጊዜ!» ስታለቅስ ሴቶቹ ሽንኩርቱን ትተው ቀና አሉ። ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ፣ «እርስዎን ይቅር የምልበት ጊዜ የለኝም። ያሉበትን ያሳዩኝ» አለች።

በኮንትራት መኪና ሁሩሙ ወረድን። ሻይ ቤቱ ስትገባ ጋሼ ደበላ ተነሥተው በጓሮ በር ሊወጡ ሞከሩ። «አባ ኮ!» አለቻቸው፤ አባቴ። ቆሙ። ኮታቸውን አነሳች፣ ጭቃውን በጥፍሯ ፈቅፍቃ አለበሰቻቸው። የቀረውን በኦሮምኛ ተነጋገሩ። እኔ ውጭ ወጣሁ፤ እኔ ልሰማው የሚገባ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ረፋድ 4 ሰዓት፤ ጎሬ

እንድመጣ ያዘዘችኝ ሌሊሴ ናት። «ሽማግሌዎቹ ፊት የሆነውን ይናገራሉ» ብላ። ሌሊቱን የምለውን ሳጠናው ነበር ያደርኩት። የወንዱ ወገን አምስት ሽማግሌዎች ጃንጥላቸውንና ከዘራቸውን ይዘው መጡ፤ ቆመው ተናገሩ፣ እንደ ወጉ። ቃል አቀባያቸው ቀጭን ረጅም አዛውንት ናቸው። ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ከጨረሱ በኋላ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አንድ የሰማነው ወሬም አለ» አሉ።

እኔ ለመነሳት ወንበሬን ስገፋ፣ ጋሼ ደበላ ተነሥተዋል።

«ወሬው እውነት ነው» አሉ። «ጠጥቻለሁ። ከመኪና ወርጃለሁ። ሦስት ዓመት ትቼው ነበር፣ ሐሙስ ወደቅኩ። ከዓርብ ጀምሮ እንደገና እየቆጠርኩ ነው። ይህን ሰምታችሁ ልጄን የምትፈልጉ ከሆነ፣ ተቀመጡ።»

ዳግመኛ ቀደሙኝ። እኔም ተነሳሁ። አረቄው የኔ እንደነበር፣ እምቢ ሲሉ በሞቴ እንዳልኳቸው፣ ሲጠየቅ ዝም እንዳልኩ ተናገርኩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶኝ ነበር፤ ባዶውን ነው የተናገርኩት።

አዛውንቱ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ለምን ዝም አልክ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምንን?»

አሰብኩ። ሾፌሩ አይገድለኝም ነበር። እስርም አልነበረም። «ሰው እንዳያየኝ» አልኩ። «ዝናቡንም።»

«ዝናቡን» አሉ አዛውንቱ፤ ለራሳቸው። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው ትንሽ ተንሾካሾኩ፤ ከዚያ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። አምስቱም ተቀመጡ። ከጓዳ እልልታ ተሰማ።

ቆሜ ቀርቼ ነበር። የሚወጣበት በር ላይ ዓይኔን ጥዬ ሳለሁ፣ ጋሼ ደበላ በአግዳሚው ላይ ፈቀቅ አሉና ቦታውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ተቀመጥኩ። የተደነቀርኩበት እንጂ የተጋበዝኩበት አልመሰለኝም።

ወጉ ሙሽሪት ተደብቃ እንድትቆይ ነበር። ሌሊሴ ግን ራሷ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ወጣች። ከአዛውንቱ ጀምራ በየተራ አስታጠበች፤ አባቷ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀጥዬ ያለሁት እኔ ነኝ። እጄን በግማሽ ዘርግቼ እያመነታሁ፣ ውሃው መዳፌ ላይ ፈሰሰ። ቀና ብላ አላየችኝም። አላለፈችኝም ግን።